የስፖርት ክፍለ ጊዜ የማን ነው?

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ያነበበ ሰው በሒሳብና በእንግሊዝኛ መካከል «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚል መስመር ያገኛል። በወረቀቱ ላይ ትምህርቱ አለ። መምህር ተመድቦለታል፤ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል፤ በካርድ ላይም ማርክ ይሞላለታል። ወረቀቱን ትቶ ወደ ግቢው የወጣ ሰው ግን የሚያየው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ስድሳ ተማሪዎች አንድ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ሃያ ሁለቱ ይጫወታሉ፤ የቀሩት በግድግዳው ሥር ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ወሬ ይጀምራሉ። ሰውነቱ ከበድ ያለው ልጅ ደግሞ የተጫዋቾቹን ሹራብና ደብተር እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ፈተና ሲቃረብ ይህችውም ትቀርና ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል።

ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን። ይህ ክፍለ ጊዜ የማን ነው? የሃያ ሁለቱ ነው ወይስ የስድሳው? በእኛ አስተያየት የስድሳው ነው። ከስድሳውም መካከል ይበልጥ የሚገባው ኳስ ለማይችለው፣ ለደካማው፣ ለወፍራሙና ከግድግዳው ሥር ለተቀመጠችው ልጅ ነው። ለጎበዙማ ኳሱ ከትምህርት በኋላም አይቀርበትም።

አንዳንድ አንባብያን ርእሰ ጉዳያችንን ሲያዩ «ሕፃናት በሚራቡበት አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ምን ይሉታል? ይህ የጠገበ አገር ወሬ ነው» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞውን አናቃልለውም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ምክንያት የቀነጨሩ ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ስለ ቦርጭ ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቢሆንም ነገሩን ረጋ ብሎ የመረመረ ሰው ረኀብና ውፍረት የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ይረዳል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባደረጋቸው ምርመራዎች አንድ አስደናቂ ነገር አሳየ። በእናቱ ማኅፀን ሳለና በጨቅላነቱ ምግብ ያነሰው ልጅ፣ አድጎ ኑሮ ሲሻሻልለትና ክብደት ሲጨምር፣ ለልብ ሕመምና ለስኳር በሽታ ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ይሆናል። ሰውነቱ ለችግር ዘመን ተሠርቶ ነበርና ድንገት የመጣውን ድሎት አይችለውም። እንግዲህ ትናንት የተራበ አገር ነገ ውፍረት ቢመጣበት ከሌላው አብልጦ ይጎዳል ማለት ነው። ረኀብን ማወቃችን ስለ ውፍረት እንዳናስብ ፈቃድ አይሰጠንም፤ ይልቁንም ፈጥነን እንድናስብ ያስገድደናል።

የዓለምም ሁኔታ ቢሆን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ከእነዚህም 160 ሚሊዮኑ ውፍረታቸው በሽታ ተብሎ ከሚቆጠርበት ደረጃ የደረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 8 የነበረው ከልክ ያለፈ ክብደት በ2022 ከመቶ 20 ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ በዚህ ዕድሜ ክልል ካሉት ልጆች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የወፍራሞቹ ቁጥር ከከሱት ቁጥር በልጦ መገኘቱን አስታወቀ። ከዚህ ውጭ የቀሩት ሁለት አካባቢዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ደቡብ እስያ፣ ሁለተኛው እኛ የምንኖርበት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «እንኳን ተረፍን» ሊል ይችላል። እኛ ግን የምንለው ሌላ ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ለመሆኑ የተለወጠው ምንድን ነው? በቀድሞው ጊዜ ልጆችን የሚያንቀሳቅሳቸው ትምህርት ቤት ሳይሆን ኑሮ ነበር። ውኃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅ፣ እንጨት መልቀም፣ ገበያ መላክ ሁሉ የእግርና የክንድ ሥራ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይገባ፣ አሥር ኪሎ ሜትርም ሮጦ ወደ ቤቱ ይመለስ እንደነበር ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። በሩጫ ሜዳ ላይ ግራ ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ መሮጡ እንኳ ደብተሩን ይዞ ይሮጥበት ከነበረው ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ይህን ስንል ችግርን ማወደሳችን አይደለም። ማንም ልጅ ለመማር ሲል ሃያ ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ አንመኝም። ለማለት የፈለግነው የጥንቱ ትምህርት ቤት ልጆቹን ባያንቀሳቅስ እንኳ መንገዱ ያንቀሳቅስለት ነበር ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ይህ መንገድ ጠፍቷል። ወላጅ አቅም ካለው ልጁን በሰርቪስ መኪና ያስወስዳል፤ መኪናው ከበር ላይ ያነሣዋል፣ ከበር ላይ ያወርደዋል። አያሌ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ውስጥ ተከራይተው የሚያስተምሩ ናቸው፤ ግቢያቸው ለመኪና ማዞሪያ እንኳ አይበቃም። ሜዳ የነበራቸውም ቢሆኑ ተማሪ ሲበዛባቸው በሜዳው ላይ ተጨማሪ ክፍሎች ሠርተውበታል። በየሠፈሩ የጨርቅ ኳስ ይራገጥበት የነበረው ባዶ ቦታ ፎቅ በቅሎበታል። ልጁ ቤቱ ሲደርስ ወላጆቹ መኪናንና ክፉ ሰውን ፈርተው በር ይዘጉበታል፤ የሚቀረውም ጓደኛ ስልክና ቴሌቪዥን ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚሮጥበት ቦታ ስለተወሰደበት ነው።

የሚበላውም ነገር ተለውጧል። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ችፕስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ በአንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለ፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በአንድ ስኒ ሻይ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ልጅ ብናይ እጁን እንይዘዋለን። ያንኑ ስኳር ቀዝቅዞና ቀለም ተቀብቶ ሲጠጣው ግን «ይደሰት» ብለን ዝም እንላለን።

በዚህ ላይ የቆየ አስተሳሰባችን ይጨመራል። በእኛ ዘንድ «ወፈርክ፣ አማረብህ» ማለት ምርቃት ነው። ቦርጭም የሹመትና የሀብት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይህ አባባል ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ክፉ ቀን ያየ ሕዝብ የልጁን ጉንጭ ሞልቶ ሲያይ ቢደሰት ምን ይደንቃል? ይሁን እንጂ በአሥራ አምስት ዓመቱ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክን ልጅ «ተመችቶታል» ማለት ልጁን መውደድ አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ከልክ በላይ የወፈሩ ልጆች አብዛኞቹ አዋቂ ሲሆኑም ወፍራም ሆነው ይቀራሉ፤ የደም ግፊቱና የስኳር በሽታውም በዚያው መንገድ ይከተላቸዋል። አጥንትም ዋና ጥንካሬውን የሚያጠራቅመው በዚሁ በጉርምስና ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ያልተጠራቀመው በኋላ በገንዘብ አይገዛም።

እንግዲህ ኑሮ ያንቀሳቅስ የነበረውን ልጅ አሁን ማንቀሳቀስ የሚችለው ማን ነው? ሀብታሙንም ድኻውንም፣ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ የሚያገኛቸው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በየቀኑ 60 ደቂቃ ትንፋሹን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀንም ጡንቻውንና አጥንቱን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። በሳምንት ሲታሰብ 420 ደቂቃ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ ስፖርት ያስተምራል ብንል 80 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከሚፈለገው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከዚያችው ከ80 ደቂቃ ላይ ልብስ የሚቀየርበትን፣ ስም የሚጠራበትን፣ ተራ የሚጠበቅበትን ብንቀንስ ለልጁ የሚተርፈው ምንድን ነው?

በዚህ በኩል ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ከ146 አገሮች የተሰበሰበ ጥናት እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከነበሩት የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶው ከሚፈለገው በታች ይንቀሳቀሱ ነበር። ከወንዶቹ 78 በመቶ፣ ከሴቶቹ 85 በመቶ። ሌሎች አገሮች ይህን ሲያዩ በትምህርት ቤት በኩል ልዩ ልዩ ሙከራ አድርገዋል። ከሙከራዎቹ አንዳንዶቹ የምንከተላቸው፣ አንዳንዶቹም የምንሸሻቸው ናቸው።

መጀመሪያ የምንሸሸውን እንናገር። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1992 በትምህርት ቤቶቿ አንድ መርሐ ግብር ጀመረች። ተማሪዎቹ ይመዘናሉ፤ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከጓደኞቻቸው ተለይተው ተጨማሪ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይታዘዛሉ፤ ሌሎቹ ዕረፍት ላይ ሳሉም እነርሱ ሲሮጡ ይታያሉ። በቁጥር ከተመለከትነው ውጤት አልጠፋም። ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው ተማሪዎች ከመቶ 14 ገደማ ወደ 10 ገደማ ወርደዋል። ነገር ግን የመርሐ ግብሩ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደሎች ሲያጥር፣ ፊደሎቹም ተገልብጠው ሲነበቡ «ወፍራም» የሚል ቃል ይሰጡ ነበር። ልጆች ደግሞ ይህን ለማግኘት ብዙ አይፈጅባቸውም። ስሙ መሰደቢያ ሆነ፤ ሜዳውም የቅጣት ቦታ መሰለ። ተቃውሞው እየበረታ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2007 መርሐ ግብሩ ቀረና ሁሉንም ተማሪ በአንድነት በሚመለከት ሌላ አሠራር ተተካ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ልጅን አዋርዶ ጤነኛ ማድረግ አይቻልም፤ በሜዳ ላይ የተዋረደ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሜዳን ይጠላልና።

አሁን ወደምንከተለው እንለፍ። በስኮትላንድ፣ በስተርሊንግ ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩት ኢሌን ዋይሊ ተማሪዎቻቸው በቀላሉ እንደሚደክሙ ባዩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ቀላል ነገር ጀመሩ። በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ክፍሉ በሙሉ ወጥቶ በግቢው ዙሪያ ይሮጣል፤ የደከመው ይራመዳል። የስፖርት ልብስ አያስፈልግም፤ ኳስ አያስፈልግም፤ አንደኛና ሁለተኛ የለም። አስተማሪው ከልጆቹ ጋር ይወጣል። ይህ ልማድ ከዚያች አንዲት ትምህርት ቤት ተነሥቶ በብዙ አገሮች ወደሚገኙ በሺሕ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቂት ትምህርት ቤቶች የጀመረችውን አሠራር በኋላ ወደ አብዛኞቹ አስፋፍታዋለች፤ በዚያ እንቅስቃሴው በስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይወሰን በዕረፍት ሰዓትና በሒሳብ ትምህርት መካከል እንኳ እንዲገባ ተደርጓል። የሆላንዷ አምስተርዳም ደግሞ እንቅስቃሴውን ከምግቡ ጋር አያይዛ ዘመቻ ከፈተች። በትምህርት ቤት ከለስላሳ ይልቅ ውኃ እንዲጠጣ፣ ወላጆችም እንዲማሩ፣ ሜዳዎችም እንዲከፈቱ አደረገች። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመቶ 21 የነበረው የልጆች ከልክ ያለፈ ክብደት በ2015 ወደ 18.5 ወርዷል።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ሩጫ ብቻውን የወፈረን ልጅ አያከሳም። ምግቡ ካልተስተካከለ፣ እንቅልፉ ከጎደለ፣ ከሚዛን ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ስፖርት ዓላማ ክብደትን መቀነስ ነው ብለን ከተነሣን ሁለት ጉዳት እናደርሳለን። ወፍራሙ ልጅ ኪሎው ባለመውረዱ ተስፋ ይቆርጣል፤ ቀጭኑ ልጅ ደግሞ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይቀመጣል። ነገር ግን ቀጭንም ሆኖ የማይንቀሳቀስ ልጅ ልቡ ደካማ ነው፤ ወፍራምም ሆኖ በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ልጅ፣ ሚዛኑ ባይወርድለትም፣ ልቡና አጥንቱ ይጠነክራል፣ ስሜቱም ይነቃቃል። እንግዲህ መለኪያችን ሚዛን ሳይሆን ብርታት መሆን አለበት። በመስከረም ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮ ያረፈው ልጅ በሰኔ ሦስት ጊዜ ከዞረ ማለፊያ ማርክ ይገባዋል።

ከመምህራን ወገን የሚመጣውን ጥያቄ እናውቀዋለን። «ጊዜ የለም፤ ፈተና አለ» ይሉናል። በ2015 ዓ.ም. የተገለጸው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሁላችንንም ያስደነገጠ ነበር። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ርእሳነ መምህራን በማይፈተኑበት ትምህርት ላይ መጨከናቸው የሚጠበቅ ነው። ግን የተቀማው የስፖርት ሰዓት በእርግጥ የሒሳብ ውጤት ይሆናል? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳ ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ ነበር። በትምህርት ቤት የሚደረግ እንቅስቃሴ ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ሲታይ፣ ግማሽ ያህሉ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉ አልጠቀመም፣ አልጎዳምም፤ የጎዳ የተባለው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። ከስድስት ክፍለ ጊዜ በኋላ ዐይኑ የፈዘዘ ተማሪ ሰባተኛውን ክፍለ ጊዜ በሰውነቱ ቢገኝም በሐሳቡ አይገኝም። ይህን ደግሞ ከመምህራን ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ስለ ሴቶች ልጆች ለብቻው ልንናገር እንወዳለን። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ከሆነች ሠላሳ ዓመት አልፏል። በስሟ እንኮራለን፤ ፎቶግራፏንም በየትምህርት ቤቱ እንሰቅላለን። ከፎቶግራፉ ሥር ግን ልጆቹ ቁጭ ብለዋል። ሜዳውን የወንዶቹ ኳስ ይዞታል፤ ዩኒፎርሙ ቀሚስ ነው፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም፤ ወርኃዊ ጊዜዋ የደረሰባት ልጅም የምትታጠብበት ውኃ የለም። ከዚያ በኋላ «ሴቶቹ ስፖርት አይወዱም» ይባላል። አይወዱም ወይስ አልተፈቀደላቸውም? እነዚሁ ልጆች ገና በስምንት ዓመታቸው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ ገመድ ሲዘሉ፣ ማን ይችላቸው ነበር? እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻውና ልቡ እንዴት እንደሚሠራ የሞከረው ያውቀዋል። ስፖርት ማለት እግር ኳስ ብቻ ነው ያለን ማንም የለም።

ስለ ምግቡም እንዲሁ። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረቡ በትምህርት ቤት በኩል ብዙ ነገር መሥራት እንደሚቻል ያረጋገጠ ታላቅ ሥራ ነው። በባዶ ሆድ የሚሮጥ ልጅ የለምና ምግቡ የሜዳው መሠረት ነው። ነገር ግን ከምግብ አዳራሹ ንጹሕ ምግብ እየቀረበ ከበሩ ላይ ስኳርና ጨው የሚሸጥ ከሆነ አንዱ እጅ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። በዚህ ረገድ ደንብ አስከባሪ ልኮ በር ላይ የምትነግደውን ድኻ እናት ማባረር መፍትሔ አይመስለንም። እርሷ ልጆች የሚገዙትን ትሸጣለች። ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ድንች እንድትሸጥ ብትመከርና ቦታ ቢሰጣት የእርሷም ኑሮ አይጎዳም፣ የልጆቹም ጤና አይጓደልም። በግቢው ውስጥ ደግሞ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ሳይኖር ለስላሳን መከልከል ልጁን ከማስጠማት በቀር ትርጉም የለውም።

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በማናቸውም ምክንያት ለሌላ ትምህርት እንዳይሰጥ ይሁን። የሒሳብ መምህር ሲቀር ሰዓቱ ለስፖርት እንደማይሰጥ ሁሉ የስፖርቱም ለሒሳብ አይሰጥ።

ሁለተኛ፤ ከዚህ ክፍለ ጊዜ ሌላ በየቀኑ የ15 ደቂቃ የጋራ እንቅስቃሴ ይደረግ። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 75 ደቂቃ ነው፤ አሁን ያለውን በእጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ወጪው ምንም ነው። ግቢው ጠባብ ከሆነ በቦታ ላይ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ እስክስታም ይበቃል። ባለ ሁለት ፈረቃ ትምህርት ቤት እንኳ 15 ደቂቃ አያጣም።

ሦስተኛ፤ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት አይመዘን፤ በውፍረቱም ሆነ በቅጥነቱ ቅጽል ስም አይውጣለት። ክብደትን መከታተል ካስፈለገ በጤና ባለሙያ፣ በምስጢርና ለልጁ ጥቅም ሲባል ይደረግ። ሩጫም ለቅጣት አይታዘዝ። ያረፈደን ልጅ ሜዳ ዙሪያ የሚያስሮጥ ትምህርት ቤት ሩጫ ማለት ቅጣት ነው ብሎ ያስተምራል።

አራተኛ፤ ለሴቶች ልጆች ሱሪ ወይም ቱታ፣ ልብስ መቀየሪያና ውኃ ይዘጋጅ፤ ከሜዳውም የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው ኳስ ይኑራቸው።

አምስተኛ፤ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ጥቁር ሰሌዳና ወንበር እንደሚቆጥር ሁሉ ልጆች የሚሮጡበትንም መሬት ይለካ። ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ሜዳ ካለው ጎረቤቱ ጋር በሰዓት ተካፍሎ እንዲጠቀም ይደረግ።

ስድስተኛ፤ የስፖርት መምህር እንደ ማንኛውም መምህር ይከበር። «የኳስ አስተማሪ» እየተባለ የሚናቅ፣ ለስድሳ ተማሪ አንድ ኳስ የሚሰጠው ሰው ተአምር ሊሠራ አይችልም።

ይህን ሁሉ ከሌላው ብቻ ጠይቀን ብንቀመጥ ግን ርእሰ አንቀጻችን ባዶ ጩኸት ይሆናል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሜዳ አለን። ያም ሜዳ ቅዳሜ ጧት ባዶውን ያድራል ማለት ይቻላል። ከግቢያችን አጥር ወዲያ ደግሞ ሜዳ የሌላቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ ሜዳው ቅዳሜ ጧት ለሁለት ሰዓት ለአካባቢው ተማሪዎች ይከፈት። የስፖርት ሳይንስ ክፍል ተማሪዎች ልጆቹን ይምሩ፤ ለልምምዳቸውም ይጠቅማቸዋል። የሕክምናና የሥነ ምግብ ተማሪዎች ስለ ስኳርና ስለ ጨው በቀላል አማርኛ ያስረዱ። የቀረነው ደግሞ ከልጆቹ ጋር እንሩጥ። ወደ መምህራንነት ሙያ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት የስፖርት ሰዓት ለሌላ ሲሰጥ ብታዩ በትሕትና ግን በግልጽ ተቃወሙ።

ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በአንድ እሑድ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በታላቁ ሩጫ የአዲስ አበባን ጎዳና ይሞላል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ከመኪና ነጻ እየሆኑ ለእግረኛ መከፈት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ልጆች በአስፋልቱ ላይ ሲሮጡ ያየ ሁሉ መሮጥ እንዳልጠሉ መስክሯል። ቦታና ሰዓት ሲያገኙ ይሮጣሉ። ጥያቄው ለአንድ እሑድ የሰጠናቸውን ቦታ በየቀኑ ልንሰጣቸው እንፈቅዳለን ወይ ነው።

ይህች አገር በዓለም ፊት ሩጫን በመሰለ ነገር ታውቃለች። ባንዲራችን በየአደባባዩ የተሰቀለው በእግር ነው። የጥቂቶቹ እግር ያስገኘው ክብር ግን ለብዙኃኑ ልጆች ጤና ካልሆነ፣ እኛ የሯጭ አገር ሳንሆን የሯጭ ተመልካች አገር ሆነን እንቀራለን። ስለዚህ ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ርእሳነ መምህራን፣ ወላጆችና የሙያ ባልደረቦች ሆይ! ስድሳው ልጅ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይነሣ። ክፍለ ጊዜው የእርሱ ነው፤ ይመለስለት።